በሻካራ የሻወር ሴራሚክ ላይ የደረቀን የሲሚንቶ ቅሪት በጥንቃቄ ስለማስወገድ

የሻወር ወለል እግር እንዳያንሸራትት ፊቱ ሻካራ የሆነ ሴራሚክ መምረጥ ተገቢ ነው። ሆኖም ሻካራነቱ ሌላ ጣጣ ያስከትላል። በሴራሚኮቹ መካከል የሚሞላው ነጭ ሲሚንቶ በወለሉ ጥቃቅን ጎድጓዶች ውስጥ ገብቶ ይደርቅና ወለሉን ነጣ ያለ ጉም የሸፈነው ያስመስለዋል። ወለሉ እርጥብ ሳለ ጉሙ ይጠፋል፤ ሲደርቅ ተመልሶ ይታያል። በላሊበላ የእንግዳ ማረፊያም ሆነ በደላንታዋ ወገል ጤና አዲስ መኖሪያ ቤት ይህ ሲያጋጥም የሚወሰደው የተለመደ እርምጃ ጠንካራ አሲድ ማፍሰስ ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በዋናነት ይህ እርምጃ በሰው ጤና ላይ የሚያደርሰውን አደጋ ለማስገንዘብ ነው።

ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃው ስለተነነ ብቻ አይደለም። ከውሃ ጋር በሚያደርገው ኬሚካዊ ውህደት ወደ ድንጋይነት ይለወጣል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እርጥብ ስፖንጅ የሚያነሳውን ቅሪት በሳምንቱ ብሩሽ እንኳ በቀላሉ አያነቃንቀውም። የደጋው ፀሐይና ደረቅ አየር የላዩን ውሃ ቶሎ ስለሚወስዱ ሠራተኛው አንድ ክፍል ሙሉ ሞልቶ ከመጥረግ ይልቅ ጥቂት ካሬ እየሞላ ወዲያው ቢጠርግ ይመረጣል። ስፖንጁ በደንብ ተጨምቆ በመገጣጠሚያው ላይ በአግድመት ይሳባል፤ የመታጠቢያው ውሃም ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ውሃ በጄሪካን በሚቀዳበት አካባቢ ይህ ብክነት ቢመስልም በኋላ ከሚመጣው ወጪ ያነሰ ነው።

ቅሪቱ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ሥራው በቀላሉ መጀመር አለበት። ለብ ባለ ውሃ አርሶ በፕላስቲክ ብሩሽ ማሸት በቂ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የብረት ሽቦ መጠቀም ግን አይመከርም፤ ፊቱን ይቧጭራል፣ የሚተወው ብናኝም ዝጎ ወለሉን ያበላሻል። በብሩሽ ካልተነሳ በማይታይ ጥግ ላይ ጥቂት አቼቶ ጠብ አድርጎ መሞከር ይቻላል። አረፋ ከወጣ ቅሪቱ ሲሚንቶ ነው ማለት ነው። አረፋ ካልታየ የፕላስቲክነት ባሕርይ ያለው መሙያ ወይም ቀለም ሊሆን ስለሚችል በአሲድ አይለቅም፤ ሌላ ማስወገጃ ያስፈልገዋል። እብነ በረድና የኖራ ድንጋይ ግን ራሳቸው በአሲድ ስለሚበሉ ይህ ሙከራ እነሱ ላይ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

አሲድ ነክ ማስወገጃ የግድ ከሆነ በቅድሚያ መገጣጠሚያው በሚገባ መጠንከሩ ይረጋገጣል። የመጠበቂያው ጊዜ በአምራቹ መመሪያ የተገለጸ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሳምንት በላይ ነው። ቀጥሎ ወለሉ በንጹህ ውሃ ይርሳል። ደረቅ መገጣጠሚያ አሲዱን ይጠጣዋልና። የደላንታን ኦፓል የሚያውቅ ሰው ድንጋይ ውሃ ሲጠጣ ማየት አይገርመውም፤ ሲሚንቶም እንዲሁ ነው። ማስወገጃው የሚቀጠነው ወደ ውሃ በመጨመር እንጂ ውሃን በላዩ በማፍሰስ አይደለም። በትንሽ ቦታ ተቀብቶ በብሩሽ ከታሸ በኋላ ሳይደርቅ በብዙ ውሃ ይታጠባል።

ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው፣ አሲድና በረኪና በምንም ሁኔታ መቀላቀል የሌለባቸው መሆኑ ነው። ሲቀላቀሉ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ዓይንንና ጉሮሮን ያቃጥላል፤ ሳንባንም ይጎዳል። ጠባብና መስኮት አልባ በሆነ ሻወር ቤት ውስጥ ለሕይወት አስጊ ነው። አደጋው የሚደርሰው አንዱን በአንዱ ላይ ሆን ብሎ በማፍሰስ ብቻ አይደለም። ጠዋት በረኪና የፈሰሰበት ወለል በሚገባ ሳይታጠብ ከሰዓት አሲድ ቢቀባበትም ያው ነው። በመሆኑም በርና መስኮት ይከፈት፤ የላስቲክ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ይደረግ። የሚያፍን ሽታ ከተሰማ ጠርሙስ ለመክደን እንኳ ሳይዘገዩ ወደ ንጹህ አየር መውጣት ይገባል። ዓይን ውስጥ የገባ አሲድ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹህ ውሃ ከታጠበ በኋላ ተጎጂው ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። የአሲድ ዕቃ ምልክት ሳይደረግበት በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ መቀመጥ የለበትም። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ቸልታ የከፋ ነው።

ላስታን በተመለከተ አንድ ነገር መታከል አለበት። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበት አለት ቀዳዳ የበዛበት እሳተ ገሞራዊ ድንጋይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በእድሳት ስም በአንዳንዶቹ ግድግዳዎች ላይ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ይህንኑ ማንሳት እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት ከተካሄደው የጥበቃ ሥራ አንዱ ክፍል ሆነ። መቀባቱ ቀላል ነበር፤ ማንሳቱ ግን ባለሙያ ጠየቀ። ስለሆነም እዚህ ለሴራሚክ የተገለጸው ዘዴ በቅርስ ላይ አይሠራም። የአጥቢያው ሰው በቅርስ ግድግዳ ላይ የሲሚንቶ ወይም የቀለም ቅሪት ቢመለከት ሳይነካው ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ወይም ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እንዲያሳውቅ ይጠየቃል።