በግል አውሮፕላን የመጡ ብድር ጠያቂዎች



በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትሠሩ «ጂምስ» የሚባለውን ትልቅ መኪና ታውቁታላችሁ። በየግቢው ሲታጠብ የምናየው፣ ጠዋት ጠዋት ልጆችን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ነው። የሚሠራው ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። እንዲህ ያለ ባለጸጋ ድርጅት አንድ ቀን ካዝናው ተራቁቶ የመንግሥት ደጅ ይጠናል ብሎ ማን ያስባል? ነገር ግን ሆኗል። ታሪኩም ብድር ለሚጠይቅም ሆነ ለሚያበድር ሰው ብዙ ያስተምራል።

ጄኔራል ሞተርስ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1908 ነበር። ልክ በ100ኛ ዓመቱ፣ በኖቬምበር 2008፣ የጄኔራል ሞተርስ፣ የፎርድና የክራይስለር ሥራ አስኪያጆች ወደ ዋሽንግተን ሄደው 25 ቢሊዮን ዶላር ብድር ጠየቁ። የመጡት ግን እያንዳንዳቸው በግል አውሮፕላን ነበር። የኒውዮርኩ ተወካይ ጌሪ አከርማን፣ ይህ ረጅም ባርኔጣ ደፍቶና የክት ልብስ ለብሶ ለድሆች ነጻ ሾርባ ወደሚታደልበት ቤት እንደ መምጣት ነው ሲሉ ተቹአቸው። ሌላ ተወካይ ደግሞ በመንገደኛ አውሮፕላን የመጣ ካለ እጁን እንዲያወጣ ጠየቁ። አንድም እጅ አልወጣም። ምክር ቤቱም «ገንዘቡን እንዴት እንደምትጠቀሙበት ዕቅድ ይዛችሁ ተመለሱ» ብሎ አሰናበታቸው።

ለመሆኑ ለዚህ ምን አደረሳቸው? ለብዙ ዓመታት ከፍተኛ ትርፍ ያገኙት ቤንዚን በብዛት ከሚጠጡ ትልልቅ መኪናዎች ነበር። ሳሩን አዩ እንጂ ገደሉን አላዩም። በ2008 በጋ በአሜሪካ የአንድ ጋሎን፣ ማለትም ወደ 4 ሊትር የሚጠጋ ቤንዚን ዋጋ ከ4 ዶላር በላይ ሆነ፤ ገዢውም ከትልልቆቹ መኪናዎች ሸሸ። በዚያው ዓመት መጸው የባንኮች ቀውስ ሲመጣ፣ መኪና በብድር መግዛት የለመደው ሕዝብ አበዳሪ አጣ። በ2007 በአሜሪካ ወደ 16 ሚሊዮን መኪና ተሽጦ ነበር፤ በ2009 ግን ወደ 10 ሚሊዮን ወረደ። በዚህ ላይ ኩባንያዎቹ ለብዙ መቶ ሺህ ጡረተኞች ጡረታና ሕክምና የመክፈል ግዴታ ነበረባቸው።

ሥራ አስኪያጆቹ በዲሴምበር ሲመለሱ ከዲትሮይት እስከ ዋሽንግተን ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ተጉዘው ነበር። ዕቅድም ይዘው መጡ፤ በዓመት 1 ዶላር ደመወዝ ብቻ ለመቀበልም ቃል ገቡ። የተወካዮች ምክር ቤት 14 ቢሊዮን ዶላር ለመፍቀድ ተስማማ። ሴኔቱ ግን አላሳለፈውም። ድርድሩ የፈረሰው በደመወዝ ጉዳይ ነው፤ አንዳንድ ሴናተሮች የሠራተኞች ክፍያ በ2009 ውስጥ እንዲቀነስ ሲጠይቁ፣ የሠራተኞች ማኅበሩ በተጠየቀው ጊዜ አልስማማም አለ።

በመጨረሻ ፕሬዚዳንት ቡሽ ዲሴምበር 19 ቀን 2008 ለባንኮች ከተመደበው ገንዘብ ላይ 17.4 ቢሊዮን ዶላር ለጄኔራል ሞተርስና ለክራይስለር እንዲሰጥ ወሰኑ። ብድሩ ግን ቀነ ገደብ ነበረው። እስከ ማርች 31 ቀን 2009 ራሳቸውን ችለው መቆም እንደሚችሉ ማሳየት ነበረባቸው። ያቀረቡት ዕቅድ አላጠገበም፤ በፕሬዚዳንት ኦባማ ጊዜ የጄኔራል ሞተርሱ ሥራ አስኪያጅ ሪክ ዋጎነር ከሥራ እንዲለቁ ተደረገ። ክራይስለር በኤፕሪል መጨረሻ፣ ጄኔራል ሞተርስ ደግሞ ጁን 1 ቀን በኪሳራ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ከዚያም ተጨማሪ የመንግሥት ገንዘብ አግኝተው እንደገና ተቋቋሙ።

ፎርድ ግን ከዚህ የማዳኛ ገንዘብ አልወሰደም። ክፉው ቀን ሳይመጣ፣ በ2006፣ ፋብሪካዎቹንና የንግድ ምልክቱን ሳይቀር መያዣ አስይዞ ከባንኮች ከ23 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተበድሮ ስለነበር ነው።

ታዲያ ዕዳውን ማን ከፈለ? መንግሥት በአጠቃላይ ወደ 80 ቢሊዮን ዶላር አውጥቶ ወደ 70 ቢሊዮን መለሰ፤ ጉድለቱን ግብር ከፋዩ ቻለው። የጄኔራል ሞተርስን የመጨረሻ አክሲዮን የሸጠው በዲሴምበር 2013 ነው። ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ እንደ ፖንቲያክና ሳተርን ያሉ መኪናዎች መሠራታቸው ቀረ፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራ አጡ። አዲስ የተቀጠሩት ከነባሮቹ ጎን ቆመው ተመሳሳይ ሥራ እየሠሩ የሚከፈላቸው ወደ ግማሽ ገደማ ነበር። ይህ አሠራር በ2007 ቢጀመርም ከብድሩ በኋላ ጸንቶ ቆየ፤ በአብዛኛው የተነሣው በ2023 ሠራተኞቹ ለስድስት ሳምንታት ያህል ሥራ ካቆሙ በኋላ ነው። በሌላ በኩል፣ ኩባንያዎቹ ጨርሰው ቢወድቁ ኖሮ ዕቃ የሚያቀርቡላቸው ፋብሪካዎችና ሠራተኞቻቸውም አብረው ይወድቁ ነበር። ስለዚህ ብድሩ ብዙ እንጀራ አትርፏል፤ ሸክሙ ግን ለሁሉም እኩል አልተከፋፈለም።

እኛም ብንሆን በስልክ «እባክሽ አበድሪኝ» መባል አዲስ ነገር አይደለም። ስንበደርም ሆነ ስናበድር ምክር ቤቱ የጠየቀውን መጠየቅ ነውር የለውም፦ ገንዘቡ ለምን ይውላል? በምን ይመለሳል? ተበዳሪውስ ከራሱ ወጪ ምን ይቀንሳል? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ነገሩ ካልተሳካ ዕዳው በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ገንዘቡ ከእጅ ሳይወጣ ማወቅ ይገባል።