የዋግ ሰማይ፦ ቀመር፣ ኮከብ እና ዕጣ

ከሰቆጣ እስከ ላሊበላ በተዘረጋው የዋግና የላስታ ደጋ ሰማይ የሚነበበው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። ንባቡ ግን አንድ ወጥ አይደለም። አንዱ ከዋክብትን የፈጣሪ ታዛዦች ያደርጋቸዋል፤ ሌላው የበዓላት መቁጠሪያ፤ ሦስተኛው የሰው ዕጣ መግለጫ።

የመጀመሪያው ንባብ ምንጭ መጽሐፈ ሄኖክ ነው። ሙሉ ቅጂው በግእዝ ብቻ ተርፎ፣ ጄምስ ብሩስ በ1773 እ.ኤ.አ. ወደ አውሮፓ ይዞት ሄዷል። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 መልአኩ ዑርኤል ስድስት የምሥራቅና ስድስት የምዕራብ ደጆችን ለሄኖክ ያሳየዋል። ፀሐይ በእነዚህ ትወጣለች፣ ትገባለች፤ ዓመቱም 364 ቀን ነው። በተመደበላቸው ጊዜ ያልወጡ ሰባት ከዋክብት ደግሞ ታስረው ይታያሉ። በዚህ መጽሐፍ ኮከብ ሎሌ እንጂ ጌታ አይደለም።

ሁለተኛው የበዓላት መቁጠሪያው ባሕረ ሐሳብ ነው። በዋግ የሻደይ ጨዋታ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ነሐሴ 16 ይጀምራል፤ ቀኑ አይናወጥም። የነነዌ ጾምና ፋሲካ ግን በየዓመቱ ይቀመራሉ። ለ2018 ዓ.ም. 5500 ሲደመር 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንዱ ተቀንሶ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18 ይወጣል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ናቸው። መጥቅዑ መስከረም 18 እሑድ ስለዋለ የእሑድ ተውሳክ 7 ይጨመርና ነነዌ ጥር 25 ትገባለች። ዓመቱም የማርቆስ ነው፤ አራቱ ወንጌላውያን በየተራ ዘመን ይሰጣቸዋልና።

ሦስተኛው አውደ ነገሥት የተባለው መጽሐፍ የሚያስተምረው ሐሳበ ከዋክብት ነው። የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ተደምረው በ12 ይገደፋሉ። 1 ከተረፈ ሐመል፣ 2 ከሆነ ሰውር፣ እያለ እስከ ሑት ይዘልቃል። ሐመል እሳት፣ ሰውር መሬት፣ ገውዝ ነፋስ፣ ሸርጣን ውሃ ይባላሉ። ስሞቹ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። ተጋቢዎች «ኮከባችን ይገጥማል?» ብለው የሚጠይቁት በዚህ ስሌት ነው። ጥንቆላን የሚከለክለው ዘዳግም ምዕራፍ 18 ስላለ ግን ብዙ መምህራን ይነቅፉታል። ቀመሩን ለበዓል ማዋል ሊቅነት ነው፤ ለዕጣ ማዋል ግን ነውር።

የፕላኔቶች መገጣጠም ጉዳይ ጎልቶ የሚነሣው በሰብአ ሰገል ኮከብ ላይ ነው። ዮሐንስ ኬፕለር ከክርስቶስ ልደት 7 ዓመት በፊት መሽተሪና ዙሐል (ጁፒተርና ሳተርን) በሑት ውስጥ መቀራረባቸውን አስልቶ ከዚያ ኮከብ ጋር አያይዞታል። ዮሐንስ አፈወርቅ ግን ከብዙ ዘመን በፊት፣ ኮከቡ ከከዋክብት አንዱ ሳይሆን በኮከብ አምሳል የተገለጠ ኃይል ነው ብሎ አስተምሯል። በዚህ ትርጓሜ መገጣጠሙ ምንም አይጨምርም። ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ሁለቱ ፕላኔቶች አንድ ኮከብ እስኪመስሉ ቢቀራረቡም፣ ባሕረ ሐሳብ የሚቆጥረው ፀሐይንና ጨረቃን ብቻ ስለሆነ ከበዓላቱ አንዱንም አላንቀሳቀሰም።

ዛሬ አራተኛ አንባቢ መጥቷል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ጨረቃ ፀሐይን የቀለበት ያህል ጠርዝ አስቀርታ ስትጋርድ ተመራማሪዎች ላሊበላ ነበሩ። የአቡነ ዮሴፍ ተራራም ለቴሌስኮፕ ማቆሚያነት ተጠንቷል። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ የራሷን ኮከብና ፕላኔት እንድትሰይም ዕድል ስታገኝ የመረጠችው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጀበናው ነው፤ ኮከቡ ቡና፣ ፕላኔቱ አቦል ተባሉ።