ድመትና ዘንቢሏ

ሐኪሙ ድመታችሁን ከብረት ጠረጴዛው ላይ ሲያነሳት ጎንበስ ብላችሁ ጠረጴዛውን እዩት። ብዙ ጊዜ ትንንሽ እርጥብ ዱካዎች ታገኛላችሁ። ውኃ የነካት የለም፤ ላብ ነው። ድመት እንደ እኛ ገላዋን አያልባትም፤ የሚያልባት መዳፏ ሥር ባሉት ለስላሳ ሥጋዎች ነው፣ ያውም ሲሞቃት ብቻ ሳይሆን ስትፈራም ጭምር። ዱካው ሳይደርቅ ግን ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ ናት! ትንፍሽ አላለችም እኮ» ብሎ ጨርሷል።

ይህን የምጽፈው ለዚያች ትንፍሽ ላላለች ድመት ነው።

ውሻ ሲፈራ አብዛኛውን ጊዜ ያስታውቃል፤ ይንቀጠቀጣል፣ ጭራውን ይቀብራል፣ በሩን ይቧጥጣል፣ ያጉረመርማል። ድመት ሌላ ናት። የዘር ግንዷ የአፍሪካ የዱር ድመት ነው፤ በእኛም አገር ይኖራል። ብቻውን ያድናል፣ ብቻውን ይኖራል። አይጥ ቢያድንም እሱን ራሱን የሚያድኑ ትልልቅ አውሬዎች አሉ። ጮኾ የሚጠራው ወገን የለውም፤ ቢጮኽ የሚሰማው ጠላቱ ነው። ስለዚህ ሲጨንቀው ይሸሸጋል፤ መሸሸጊያ ሲያጣ ደግሞ ድርቅ ይላል። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚባለው ስለ ሌብነቷ ነው። እኔ ግን ክሊኒክ በሄድኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ስለ ፍርሃቷ ነው። ሳሎናችን ውስጥ ስንት ዓመት ብትኖር፣ ጠረጴዛው ላይ ስትወጣ የዱር ድመት ትሆናለች።

ዝም ማለቷን ትታችሁ ሌላ ሌላውን ተመልከቱ። የዓይኗ ጥቁር ክብ ሰፍቶ ቀለሙን ውጦታል? ጆሮዎቿ ወደ ጎን ተኝተዋል? ጭራዋን ገላዋ ላይ ለጥፋ፣ አንገቷን ሰብራ፣ እግሮቿን ሰብስባ ራሷን ለማሳነስ ትሞክራለች? ጠጉሯ በሐኪሙ ጋዋን ላይ እፍኝ እፍኝ ይረግፋል? ቤት ውስጥ የምትሻማበትን ሥጋ አፍንጫዋ ሥር ሲያስጠጉላት አታይም? እነዚህ ሁሉ ጩኸት ናቸው። ጉሮሮዋ «ኩርር» ማለቱም ሁልጊዜ የደስታ አይደለም፤ የተጎዳችና ሕመም ላይ ያለች ድመትም ታሰማዋለች። አንድ ሰው ድመቱ «ኩርር» እያለች ስለሆነ ደህና ናት ብሎ ሲከራከር ሰምቼ አውቃለሁ፤ እግሯ ተሰብሮ ነበር።

ይህ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፍርሃት ምርመራውን ያበላሸዋል። በጣም የፈራች ድመት የደም ስኳሯ ከፍ ስለሚል ጤነኛዋ የስኳር ሕመምተኛ ልትመስል ትችላለች። ይህን ለመለየት ሐኪሞች ፍሩክቶዛሚን የሚባለውን የደም ምርመራ ያዛሉ፤ እሱ የሚናገረው የዚያን ደቂቃ ሳይሆን ያለፉትን ሳምንታት ስኳር ነው። የደም ግፊቷም እንዲሁ በድንጋጤ ይጨምራል። ሌላው ንክሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ ውሻን ይጥራ እንጂ ድመትንም ይይዛል። የፈራች ድመት ከነከሰቻችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ አሥራ አምስት ደቂቃ እጠቡና በቀጥታ ጤና ተቋም ሂዱ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ ወደ ዘንቢሉ።

ዳማ የምትባል ቀይ ዳማ ድመት አለችኝ። በአንድ የክትባቷ ቀን በውድ ዋጋ የገዛሁትን የፕላስቲክ ሣጥን ከቁም ሣጥን ላይ አወረድኩት። አቧራውን ሳራግፍ አይታኝ አልጋ ሥር ገባች። በመጥረጊያ አስወጣናት፤ ሦስት ሰው ሆነን። እጄ ተቧጨረ፤ የእሷም ልብ ከደረቷ ሊወጣ ደረሰ። ክሊኒኩ ስንደርስ ሣጥኑ ውስጥ ሸንታ ነበር።

አጠገቤ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ ትልቅ የሰሌን ዘንቢል አለ፣ አፉ በአሮጌ ነጠላ ተሸፍኗል። ተራቸው ሲደርስ ወጣቱ ሐኪም «እማማ፣ ያውጧትና ጠረጴዛው ላይ ያድርጓት» አላቸው።

«ለምን ላውጣት ልጄ? እዚያው ሆና እያት።»

በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር አየሁ። ሐኪሙ ትንሽ አመነታና ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ነጠላውን በአንድ በኩል ገለጥ አድርጎ ልቧን አዳመጠ። ከዚያ መርፌውን ወጋት። ድመቷ ጭንቅላቷን አዙራ የተወጋችውን ቦታ ላሰችና መልሳ ተጋደመች። ሲወጡ አላስቻለኝም፤ «እማማ፣ ምን ቢሰጧት ነው እንዲህ የሆነችው?» አልኳቸው።

«ምንም። ቤቷ እኮ ነው። የወለደችውም እዚሁ ውስጥ ነው።»

ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። የእኔ ሣጥን በዓመት አንዴ የሚታይ፣ በታየ ቁጥር ደግሞ መያዝን፣ የመኪና ንውጥውጥን፣ የማያውቋቸውን ውሾች ሽታና መርፌን ይዞ የሚመጣ ዕቃ ነው። ድመት ይህን ለማወቅ ሁለተኛ ቀን አያስፈልጋትም። ሰዎች «ሣጥኑን ስታይ ታብዳለች» ይላሉ፤ አላበደችም፣ በትክክል ተምራለች። የተማረችውን የሚያስረሳት ሌላ ትምህርት ብቻ ነው። ቪየና በሚገኘው የእንስሳት ሕክምና ዩኒቨርሲቲ 22 ድመቶችን ይዘው ለግማሾቹ ሣጥን ውስጥ መግባትን በምግብ እያባበሉ ለሳምንታት አስተማሯቸው። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የተማሩት በመኪና ጉዞው ላይ ጭንቀታቸው ቀነሰ፤ ምርመራቸውም ከሌሎቹ አጠረ።

አሠራሩ ትዕግሥት እንጂ ዕውቀት አይጠይቅም። ሣጥኑን ወይም ዘንቢሉን ድመቷ በምትወደው ጥግ አስቀምጡት፤ ፀሐይ የምትሞቅበት መስኮት ሥር ቢሆን ደስ ይላታል። በር ካለው በሩን ንቀሉት። የምትተኛበትን አሮጌ ጨርቅ አንጥፉበት። ከዚያ ተዉት። መጀመሪያ ምግቧን አጠገቡ፣ ቀጥሎ ደፉ ላይ፣ ቀጥሎ ውስጡ። ይህን ስትለምድ በሩን መልሳችሁ ግጠሙት፤ እየበላች ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዘግታችሁ ክፈቱት። ሌላ ቀን አንሱትና መልሳችሁ አስቀምጡት። ሌላ ቀን እስከ ደጅ አድርሳችሁ ተመለሱ። ከፈራች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ጊዜው የእሷ ነው። ዳማን ዘንቢል ለማስለመድ አራት ወር ፈጅቶብኛል። የፕላስቲኩን ሣጥን ለሰው ሰጠሁት፤ እሷ ዳግመኛ ልታምነው አልቻለችም።

ፕላስቲክ የምትገዙ ከሆነ ክዳኑ ከወገቡ ላይ ተፈቶ የሚነሳውን ፈልጉ። ሐኪሙ የላዩን አንስቶ ድመቷን በታችኛው ግማሽ ውስጥ እንዳለች ሊያያት ይችላል፤ እንደ እማማ ዘንቢል ማለት ነው። በሩን ወደ ታች ዘቅዝቆ እንደ እህል ጆንያ ማራገፍ ክልክል መሆን ያለበት ነገር ነው። ድመትን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥራችሁ የምታመጡ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉት። በእጅ ታቅፎ መንገድ መውጣትም ያው ነው፤ አንድ የመኪና ጡሩምባ ሲጮኽ ድመቷ የለችም።

ስትሸከሙ በእጀታው አታወዛውዙት። ስኒ የተደረደረበት ትሪ እንደምትይዙ ከሥሩ ደግፉት። በጨርቅ ሸፍኑት። መኪና ውስጥ ከፊት ወንበር ጀርባ ወለሉ ላይ አድርጉት፤ እዚያ አይንሸራተትም። ወረፋ ስትጠብቁ ግን ወለል ላይ አታስቀምጡት፤ በውሾች አፍንጫ ፊት ነው የምትተዋት። ወንበር ላይ ወይም ጉልበታችሁ ላይ አድርጉት።

ስለ ማጅራት አንድ ነገር ልበል፣ በጣም ስለሚያናድደኝ። «ማጅራቷን ያዝ፣ ትረጋጋለች» ይባላል። እናት ድመት ግልገሎቿን በማጅራታቸው ይዛ የምታዞረው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ያኔ በርግጥ ዝልፍልፍ ይላሉ። ያደገችን ድመት ግን ማጅራቷን የሚይዛት ጠላት ነው፣ ወይም ተራክቦ ላይ ያለ ወንድ። ተይዛ ዝም ስትል ያቺው የጠረጴዛው ዝምታ ናት። እ.ኤ.አ. በ2022 የድመት ሐኪሞች ሁለት ማኅበራት በጋራ ባወጡት መመሪያ ይህ አያያዝ እንዲቀር ጠይቀዋል። በአገራችን የእንስሳት ሕክምና ዋና ጉዳዩ ከብት ነው፣ ይገባዋልም፤ በክፉ ቀን ዘመን ደስታ የተባለው በሽታ ከብቱን ፈጅቶ ሕዝቡን ለምን ዓይነት ረሃብ እንደዳረገ አንረሳም። ነገር ግን በሬ ታስሮና ተጠምዝዞ ሲወጋ ያየ ሰው ድመትንም እንዲያው አጥብቆ መያዝ ይቀናዋል። በሬ ባለበት አራት ጎልማሳ፣ ድመት ባለችበት አንድ ፎጣ። አሜሪካዊቷ የእንስሳት ሐኪም ሶፊያ ዪን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው መጽሐፍ ፎጣን በስንት ዓይነት መንገድ መጠቅለል እንደሚቻል በፎቶ አሳይታለች፤ ጭንቅላቷ ተሸፍኖ እግሯ ብቻ የሚወጣበት አለ፣ እግሯ ተሸፍኖ ጭንቅላቷ ብቻ የሚወጣበትም አለ።

መድኃኒትም አለ። ፍርሃቷ የበዛባትን ድመት ሐኪሟ ጋባፔንቲን አዝዞላት ከቀጠሮው ጥቂት ሰዓታት ቀደም ብሎ ቤት ውስጥ ሊሰጣት ይችላል፤ መጠኑን የሚወስነው ግን ሐኪሙ ብቻ ነው። ከራሳችሁ የመድኃኒት መሳቢያ ምንም አትስጧት። በተለይ ፓራሲታሞል፦ የድመት ጉበት ሊያስወግደው አይችልም፤ አንድ ፍሬ ልትገድላት ትችላለች።

ጉዞው ደግሞ ክሊኒኩ በር ላይ አያልቅም። ከአንድ በላይ ድመት ካላችሁ፣ የሄደችው ስትመለስ የቀረችው ልታጉረመርምባት፣ ልትቧጭራትም ትችላለች። ጥላቻ አይደለም። ድመቶች የሚተዋወቁት በጠረን ነው፤ የተመለሰችው አልኮልና የሐኪም ጓንት ትሸታለች፤ ለእህቷ እንግዳ ናት። ዘንቢሉን እንደተሸፈነ ወለሉ ላይ አድርጉትና የቀረችው ዞር ዞር እያለች ታሽተው። ካጉረመረመች የመጣችውን ሌላ ክፍል አስገቧት፤ ራሷን ልሳ የቤቷን ሽታ እስክትመልስ ሙሉ ቀን ሊፈጅ ይችላል። እኔ ዳማና ሌላዋ ድመቴ የሚተኙበትን አንድ ጨርቅ ከጉዞው በፊት ዘንቢሉ ውስጥ አነጥፋለሁ፤ ስንመለስም ያንኑ ጨርቅ ሳላጥብ ወደ መኝታቸው እመልሰዋለሁ።