ፋፍሳ መሙላት ወለድ መበደር ነውን? ልጆቻቸውን ወደ ኮሌጅ ለሚልኩ ሙስሊም ቤተሰቦች



አሜሪካ ውስጥ ልጆቻቸው ሁለተኛ ደረጃን ሊጨርሱ ከተቃረቡ ወላጆች ደጋግመን የምንሰማው አንድ ንግግር አለ፦ «ፋፍሳ ወለድ ስላለበት አንሞላም»። ንግግሩ የሚመነጨው ከሐራም ለመራቅ ካለ መልካም ኒያ ነው፤ አላህ ይቀበላቸው። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል። በዚህም ምክንያት ልጆቻችን ወለድ የሌለበትንና የማይመለስ ገንዘብ ሳያገኙ ይቀራሉ። የከፋው ደግሞ፣ የክፍያ ቀን ሲደርስ ቤተሰቡ ሊሸሸው የፈለገውን የወለድ ብድር ተገዶ ሊወስድ መቻሉ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ ለማብራራት ወደድን።

ፋፍሳ ምንድን ነው?

ፋፍሳ አንድ ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት የትምህርት እርዳታ ለማግኘት የሚሞላው ማመልከቻ ነው። የሚሞላው በመንግሥት ድረ ገጽ፣ በስቱደንትኤድ ዶት ጎቭ ላይ ሲሆን ምንም ክፍያ የለውም። «ገንዘብ ክፈሉና እንሙላላችሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ። ክፍለ ግዛቶችና ኮሌጆችም የራሳቸውን እርዳታ ለመመደብ ብዙ ጊዜ የሚመለከቱት ይህንኑ ፎርም ነው።

ፎርሙን መሙላት መበደር አይደለም። ማመልከቻው ከታየ በኋላ ተማሪው የተቀበለው እያንዳንዱ ኮሌጅ የእርዳታ ዝርዝር ይልክለታል። ተማሪው ከዝርዝሩ የፈለገውን መቀበል፣ ያልፈለገውን አለመቀበል ይችላል። ብድሩን ባለመቀበሉ ግራንቱ አይቀርበትም።

በዝርዝሩ ውስጥ የሚመጡት ሦስት ነገሮች

አንደኛው ግራንት ነው፤ የማይመለስ ስጦታ ማለት ነው። ዋናው ፔል ግራንት ይባላል። በ2025-26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ሲሆን የሚሰጠውም የገቢ አቅማቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ልጆች ነው።

ሁለተኛው ወርክ ስተዲ ነው። ተማሪው በቤተ መጻሕፍት፣ በቢሮ ወይም በሌላ ቦታ በትርፍ ሰዓቱ ሠርቶ የሚከፈለው ደመወዝ ነው። ሳይሠራ አይገኝም።

ሦስተኛው ብድር ነው፤ ወለድ ያለውም ይኸው ነው። «ሰብሲዳይዝድ» በሚባለው ብድር ተማሪው ቢያንስ በግማሽ ጊዜ እየተማረ ሳለ ወለዱን መንግሥት ይሸፍናል። «አንሰብሲዳይዝድ» በሚባለው ግን ገንዘቡ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጠራል። የመጀመሪያው ዓይነትም ቢሆን በውሉ ውስጥ ወለድ አለበት። የሪባ ክልከላ በዲናችን ግልጽ ነው። «ሌላ መንገድ አጥቻለሁ፣ ምን ላድርግ?» የሚል ሰው ፈትዋውን ከጓደኛ ሳይሆን ሁኔታውን ዘርዝሮ ከሚያስረዳቸው ዓሊሞች ይጠይቅ። እኛ እዚህ የምንለው፣ ወደዚያ ጥያቄ ከመድረሳችን በፊት ሐላል የሆኑት በሮች ሁሉ መንኳኳት አለባቸው ነው።

በምሳሌ እንየው። አንድ ኮሌጅ የሚከተለውን ላከ እንበል፦ ፔል ግራንት 7,395፣ የክፍለ ግዛት ግራንት 3,000፣ ወርክ ስተዲ 2,500፣ ብድር 5,500 ዶላር። ከታች «ጠቅላላ እርዳታ 18,395» ተብሎ ይጻፋል። ስጦታው ግን 10,395 ብቻ ነው። 2,500ው ተማሪው ሠርቶ የሚያገኘው ሲሆን 5,500ው ዕዳ ነው። ኮሌጆችን ስናወዳድር ማየት ያለብን ጠቅላላውን ድምር ሳይሆን ከወጪው ላይ ግራንቱ ብቻ ተቀንሶ የሚቀረውን ነው።

ማን ማመልከት ይችላል?

የአሜሪካ ዜጎች፣ ግሪን ካርድ ያላቸው፣ እንዲሁም በስደተኛነት ወይም በጥገኝነት የተፈቀደላቸው ሰዎች ማመልከት ይችላሉ። በዲቪ የመጣ ተማሪ ግሪን ካርድ ስላለው ከእነዚህ አንዱ ነው። በተማሪ ቪዛ ያሉ ወይም ጊዜያዊ ከለላ ብቻ ያላቸው ግን የፌዴራል እርዳታ አያገኙም፤ የክፍለ ግዛታቸውንና የኮሌጃቸውን ደንብ ይጠይቁ።

ፎርሙ የሚመዝነው የተማሪውን የመኖሪያ ፈቃድ እንጂ የወላጁን አይደለም። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም የራሱን አካውንት ከፍቶ ድርሻውን መሙላት ይችላል። ስለ መኖሪያ ፈቃዱ ስጋት ያለው ወላጅ ግን ከመሙላቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢያማክር ይሻላል።

የእኛን ቤተሰቦች የሚያደናቅፉ ነገሮች

ስም፦ የተማሪው ስም በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ እንዳለ፣ ፊደል ሳይለወጥ መጻፍ አለበት። ሙሐመድ፣ ዐብዱረሕማን፣ ኸዲጃ የሚሉ ስሞች በእንግሊዝኛ በብዙ መንገድ ይጻፋሉ፤ በአንድ ፊደል ልዩነት ማመልከቻው ሊቆም ይችላል። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው፤ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲቀየር ስህተት ተፈጥሮ ከሆነ አስቀድሞ ይስተካከል። የአባትና የልጅ የመጨረሻ ስም መለያየቱ ግን ችግር የለውም።

አካውንት፦ ተማሪውና ወላጁ የየራሳቸው አካውንትና ኢሜይል ሊኖራቸው ይገባል። አባትና እናት በጋራ ታክስ ካስገቡ የአንዳቸው ይበቃል፤ ለየብቻ ካስገቡ ግን ሁለቱም ይጠየቃሉ። የታክስ መረጃው በቀጥታ እንዲመጣ ሁሉም ፈቃዱን መስጠት አለበት፤ አንዱ እምቢ ካለ ተማሪው የፌዴራል እርዳታ አያገኝም።

ወላጅ በውጭ አገር ሲሆን፦ አባት ኢትዮጵያ ወይም ሳዑዲ ቢኖርም፣ ከእናት ጋር በትዳር እስካሉ ድረስ ገቢው ወደ ዶላር ተቀይሮ ይሞላል። ዕድሜው ከ24 በታች የሆነና ያላገባ ወጣት ብቻውን ቤት ተከራይቶ ራሱን ስለቻለ ብቻ ከወላጅ መረጃ ነጻ አይሆንም። ከወላጆቹ ጋር የተቆራረጠ ወይም በስደት የተለያየ ተማሪ ግን ልዩ ሁኔታ እንዳለበት በፎርሙ ላይ ይግለጽና ማስረጃውን ለኮሌጁ የእርዳታ ቢሮ ያቅርብ።

ገቢና ንብረት፦ ለ2026-27 የሚታየው የ2024 ገቢ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ የጠፋበት ወይም ገቢው የቀነሰ ቤተሰብ ለኮሌጁ ጽፎ እንዲታይለት ይጠይቅ። የምንኖርበት ቤት አይቆጠርም። የንብረት ጥያቄ ከቀረበልን ግን ሌላ ቤት፣ አገር ቤት ያለውም ቢሆን፣ መጻፍ አለበት። ወደ ዘመድ የምንልከው ገንዘብም ከገቢያችን አይቀነስልንም። እርዳታ ለማብዛት ብሎ መደበቅ በሕግ የሚያስቀጣ ከመሆኑም በላይ አማናን ማጉደል ነው። ሪባን ሸሽቶ ወደ ውሸት መግባት ተቅዋ አይሆንም።

መቼ?

ፎርሙ በመደበኛነት በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 ይከፈታል። የፌዴራሉ የመጨረሻ ቀን ሩቅ ነው፤ ለ2026-27 ጁን 30 ቀን 2027 ነው። ይህ ግን አያዘናጋን። የክፍለ ግዛቶችና የኮሌጆች ቀን በጣም ይቀድማል፤ አንዳንዶቹም በጀታቸው እስኪያልቅ ድረስ ብቻ ነው የሚሰጡት። ፎርሙ በየዓመቱ እንደገና ይሞላል፤ ውጤቱ በጣም ያሽቆለቆለ ተማሪም እርዳታው ሊቋረጥበት ይችላል።

ግራንቱ ካልበቃስ?

በመጀመሪያ፣ በዝርዝሩ ላይ ይግባኝ ማለት ይቻላል። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ወጪውን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ይህ ለልጁም ለቤተሰቡም የሚያሳፍር አይደለም። ሦስተኛ፣ የክፍለ ግዛታችሁን ፕሮግራም እወቁ። ለምሳሌ በሚኒሶታ ኖርዝ ስታር ፕሮሚስ የተባለው ከ2024 ጀምሮ ገቢያቸው ከ80,000 ዶላር በታች ለሆነ ቤተሰቦች ልጆች በመንግሥት ኮሌጆች ከሌላ ግራንት የተረፈውን የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል። አራተኛ፣ ለሙስሊም ተማሪዎች ስኮላርሺፕ የሚሰጠውን ኢስላሚክ ስኮላርሺፕ ፈንድን፣ ያለ ወለድ የሚያበድረውን ኤ ኮንቲኑየስ ቻሪቲን መመልከት ይቻላል።

በመጨረሻም አንድ አደራ አለን። እንግሊዝኛውና ኮምፒውተሩ የሚከብዳቸው ወላጆች በየመስጂዳችን አሉ። ይህን ፎርም ከዚህ በፊት የሞላችሁ ወጣቶች ከጁምዓ በኋላ አንድ ሰዓት ብትሰጧቸው፣ የአንድን ልጅ የኮሌጅ ዓመታት ከዕዳ ልታድኑ ትችላላችሁ። የይለፍ ቃላቸውን ግን አትቀበሏቸው፤ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ እነርሱው ራሳቸው ይሙሉ።

አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዒልም ከሚያገኙት፣ ሐላል በሆነ ሪዝቅም ከሚብቃቁት ያድርጋቸው። አሚን።