የተሸመደደ ቋንቋ

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ሁለት ጃፓናውያን ዘፋኞች ነው። ዓመቶቹን የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሚ እና ኬይ አብረው የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው። በ1976 «ፒንክ ሌዲ» ተብለው መዝፈን ጀመሩ። በአገራቸው ልጅ አዋቂው ዘፈናቸውን ከነውዝዋዜው ያውቀው ነበር። ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ዘፍነው አሜሪካ ለመግባት ተነሡ። በ1979 ያወጡት የእንግሊዝኛ ዘፈን እዚያ 37ኛ ደረጃ ደረሰ። ለጅምር ጥሩ ነበር።

በ1980 አንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ የራሳቸውን ዝግጅት ሰጣቸው። በዝግጅቱ መዝፈን ብቻ ሳይሆን መቀለድና መጫወትም ነበረባቸው። እንግሊዝኛ ግን እምብዛም አያውቁም። ስለዚህ የሚናገሩትን ሁሉ በድምፁ ሸመደዱት። ቀልድ ደግሞ በሽምደዳ አይሆንም። የትኛው ቃል ላይ ቆም እንደሚባል የሚያውቀው ትርጉሙን የያዘ ሰው ነው። ዝግጅቱ አምስት ጊዜ ታይቶ ተቋረጠ። እነሱ እኮ ድምፅም ትጋትም አላነሳቸውም!

ታዲያ ጃፓናዊ አሜሪካ ውስጥ አይደመጥም ማለት ነው? አይደለም። በ1963 ክዩ ሳካሞቶ በገዛ ቋንቋው በጃፓንኛ የዘፈነው ዘፈን እዚያው አሜሪካ 1ኛ ወጥቷል። ሰሚው ቃሉን ባያውቅም፣ ዘፋኙ የሚለውን ያውቅ ነበር።

እኛም ፊደል ስናስተምር የምንለው ይህንኑ ነው። ድምፁን ማውጣት ግማሽ መንገድ ነው። አንድ መስመር አንብባችሁ ስትጨርሱ፣ «ምን አለ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱን በራሳችሁ አነጋገር ለጎረቤት ከነገራችሁ፣ በእርግጥ አንብባችኋል።