ቤቱ ሲዞር ሃቹ ለምን አብሮ አይዞርም? የሃች አቅጣጫ በአውቶካድና በሬቪት

ዛሬ የምናየው ትንሽ የሚመስል፣ ግን ሳይት ላይ ገንዘብ የሚያስወጣ ጉዳይ ነው።

እዚህ ካልጋሪ የአንድ ቤት ፍሎር ፕላን እየሠራሁ ነበር። ፓርኬው በኮሪደሩ ርዝመት እንዲነጠፍ ሃች አደረግኩና ቤቱን ከመሬቱ ወሰን ጋር ለማስተካከል ግድግዳዎቹን ብቻ መርጬ አዞርኩ። ሃቹ አዲሱን ወሰን ሞላ፣ መስመሮቹ ግን በድሮው ዲግሪ ቀሩ። ፓርኬ አንጣፊው ደውሎ «ሰያፍ ነው የምትፈልጉት?» ባይል ኖሮ እንጨቱ ሰያፍ ተቆርጦ ነበር። ለእኛ ማስጌጫ የሚመስለን መስመር ለባለሙያው ትእዛዝ ነው።

ችግሩ ከየት ይመጣል?

የካልጋሪ መሃል ከተማ ቀላል ነው፤ ስትሪት ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ አቬኑ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ዳር ዳር ያሉት ሰፈሮች ግን መንገዳቸው ስለሚጠማዘዝ እያንዳንዱ ቤት በራሱ ዲግሪ ይዞራል። አዲስ አበባም ዳገት ላይ ያለ ሰፈር እንዲሁ ነው።

ሌላው ምክንያት የሰርቬይ ፋይሉ ነው። 114ኛው ዲግሪ ምዕራብ የኬንትሮስ መስመር ካልጋሪን አቋርጦ ያልፋል። በአልበርታ የተለመደው የ3 ዲግሪ ፕሮጀክሽን ይህንኑ መስመር ማዕከል ስለሚያደርግ የግሪዱ ሰሜንና እውነተኛው ሰሜን ከተማው ውስጥ ሊገጥሙ ምንም አይቀራቸውም። ፋይሉ በዩቲኤም ዞን 11 ከመጣ ግን የዞኑ ማዕከል 117 ዲግሪ ላይ ስለሆነ መሃል ከተማው አካባቢ ወደ 2.3 ዲግሪ ልዩነት አለ። ይህ ከ30 ዲግሪ ይልቅ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ዓይን ቶሎ አይለየውም። በ10 ሜትር ግድግዳ ላይ ግን ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ይሳሳታል።

በአውቶካድ

ሃች አንግሉን የሚቆጥረው ከግድግዳው ሳይሆን በሥራ ላይ ካለው ዩሲኤስ የኤክስ አክሲስ ነው። አንሲ 31 የሚባለው ሃች አንግሉ 0 ሆኖ መስመሮቹ በ45 ዲግሪ ይታያሉ። ቤቱ 30 ዲግሪ ከዞረና ዩሲኤሱ ዎርልድ ላይ ከሆነ፣ ከግድግዳው ጋር የሚፈጥሩት 15 ዲግሪ ብቻ ነው።

መፍትሔው ሥዕሉን ሳይሆን እይታውን ማዞር ነው። የሰርቬይ ፋይሉን ካዞራችሁት ኮኦርዲኔቶቹ ይበላሻሉ።

1. ዩሲኤስ ብላችሁ ኦብጀክት የሚለውን ምረጡና የቤቱን ዋና የግድግዳ መስመር ንኩ።
2. በኔምድ ስም ሰጥታችሁ ሴቭ አድርጉት፤ በኋላ ስትፈልጉት በቀላሉ ይመለሳል።
3. ፕላን ብላችሁ ከረንት ምረጡ። ቤቱ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ይላል።
4. ሃቹን በአንግል 0 ሥሩ።
5. ስትጨርሱ ዩሲኤሱን ወደ ዎርልድ መልሱ። ይህን የረሳ ሰው ቀጥሎ የሚሠራው ሁሉ ጠማማ ይሆንበታል።

ሌይአውት ላይም ቪውፖርቱ ውስጥ ገብታችሁ ያንኑ ዩሲኤስ ጥሩና ፕላን በሉ። ፕላን ዙሙን ስለሚቀይር ስኬሉን እንደገና ሰጥታችሁ ቪውፖርቱን ቆልፉ። የሰሜን ቀስቱም አብሮ መዞሩን አትርሱ።

ለሴራሚክ ዩዘር ዲፋይንድ የሚለውን ሃች ምረጡ፤ ስፔሲንጉን 600 አድርጉና ደብል የሚለውን አብሩ። ሥዕሉ በሚሊ ሜትር ከሆነ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ሴራሚክ ይሆናል። ከዚያ በሴት ኦሪጂን ሙሉው ሴራሚክ ከየት እንደሚጀምር አሳዩ፤ ሠራተኛው ቁራጩ የት እንደሚወድቅ አስቀድሞ ያያል።

መንትያ ቤት በሚረር የምትሠሩ ከሆነ ሚርሃች የሚለውን ቫሪያብል እዩ። 0 ከሆነ ሃቹ የድሮ አቅጣጫውን ይይዛል፣ 1 ከሆነ አብሮ ይገለበጣል። የግድግዳ ዓይነት ለሚያሳይ ሃች 0 ይሻላል፤ የንጣፍ አቅጣጫ ለሚያሳይ ግን 1።

በሬቪት

ሬቪት ሁለት ዓይነት ፓተርን አለው። ሞዴል ፓተርን እውነተኛ መጠን ያለው ሲሆን ለሴራሚክና ለጡብ ይውላል። ድራፍቲንግ ፓተርን ደግሞ የወረቀት ምልክት ነው።

ሞዴል ፓተርን ሲጣመም፣ ከመስመሮቹ አንዱን በታብ ቁልፍ ፈልጋችሁ ምረጡና በሮቴት ወይም በአላይን ከግድግዳው ጋር አስተካክሉት።

ለድራፍቲንግ ፓተርን ማኔጅ፣ አዲሽናል ሴቲንግስ፣ ፊል ፓተርንስ ውስጥ ገብታችሁ ኤዲት በሉ። ሦስት ምርጫ አለ። ኦሪየንት ቱ ቪው ከእይታው ጋር ይቆማል። ኪፕ ሪደብል እንደ ጽሑፍ በሚነበብ አቅጣጫ ይቆያል። አላይን ዊዝ ኤለመንት ግድግዳውን ይከተላል። ለዞረ ቤት ግድግዳ የሚበጀው የመጨረሻው ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ቤቱን ራሱን አታዙሩ። በፕሮጀክት ኖርዝ ቀጥ አድርጋችሁ ሥሩ፤ ከዚያ የሳይት ፕላኑን እይታ ብቻ ኦሪየንቴሽኑን ወደ ትሩ ኖርዝ ቀይሩና ሮቴት ትሩ ኖርዝ በሚለው ዲግሪውን ስጡት። ፍሎር ፕላኖቹ አይነኩም።

ከማተማችሁ በፊት

አንድ ክፍል ምረጡና በሃቹ መስመርና በግድግዳው መካከል ያለውን አንግል ለኩ። ንጣፉ ከግድግዳው ጋር እኩል የሚሄድ ከሆነ 0 ወይም 90 መምጣት አለበት። 2.3 ከመጣ ፋይሉ ከየትኛው ፕሮጀክሽን እንደመጣ ታውቃላችሁ ማለት ነው። ልኬቱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ የተነጠፈ ፓርኬ መንቀል ግን ቀናት ይፈጃል።

መልካም ሥራ!