ከይፋት እስከ ወይና ደጋ፦ የመካከለኛው ዘመን ረጅሙ ጦርነትና ጋይንት

እንግሊዝና ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1337 እስከ 1453 የተዋጉትን የመቶ ዓመት ጦርነት ብዙ ተማሪ ያውቀዋል። በዚያው ዘመን አገራችንም ከዚያ የማያንስ ጦርነት ውስጥ ነበረች። ዐፄ ዓምደ ጽዮን የይፋቱን ሱልጣን ሰብረዲንን የወጉት በ1332፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የአዳሉን ሱልጣን በድላይን ጎሚት ላይ ድል የነሡት በ1445 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጦርነቱን በሃይማኖት ጠብ ብቻ የሚተርኩት ያሳጥሩታል። ከዘይላ ወደ ደጋው የሚወጣው የንግድ መንገድ፣ ግብርና ሹመትም ያዋጉ ነበር።

የእኛው ግን በመቶ ዓመት አላበቃም። የአዳሉ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ ግራኝ የተባሉት፣ በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ ዐፄ ልብነ ድንግልን ድል አደረጉ። በ1531 ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ፤ ንጉሡም ከአምባ አምባ ሲሳደዱ ቆይተው በ1540 ደብረ ዳሞ ላይ አረፉ።

ይህን ዘመን ማጥናት የሚፈልግ በአንድ ወገን ጽሑፍ ባይረካ ይሻለዋል። የኢማሙን ዘመቻ አረብ ፈቂህ በዐረብኛ ጽፎታል፤ መጽሐፉ ግን ጦርነቱ ከማለቁ በፊት ያቆማል። የመጨረሻዎቹን ዓመታት የምናገኘው ከልብነ ድንግል ልጅ ከዐፄ ገላውዴዎስ ዜና መዋዕልና አብሮ ከዘመተው ፖርቱጋላዊ ከካስታኞዞ ነው። ከእኛ ጸሐፊዎች የተክለ ጻድቅ መኩሪያን «የግራኝ አሕመድ ወረራ» ሳያነቡ ማለፍ አይገባም።

በ1541 በክሪስቶቫው ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ፖርቱጋሎች ምጽዋ ወረዱ። ኢማሙም ከየመኗ ዘቢድ የቱርክ ነፍጠኞችና መድፍ አስመጥተው በ1542 ወፍላ ላይ አሸነፏቸው፤ ዳ ጋማም ተማርኮ ተገደለ። ከድሉ በኋላ ግን ኢማሙ አብዛኞቹን ቱርኮች አሰናብተው ወደ ጣና ወረዱ። በእኔ እምነት የጦርነቱ ዕጣ የተወሰነው ያን ጊዜ ነው። በየካቲት 1543 ገላውዴዎስ ከጣና በስተምሥራቅ፣ ወይና ደጋ ላይ ገጠሟቸው። ኢማሙ በጥይት ሲወድቁ ሠራዊታቸው ተበተነ። የመቶ ዓመቱንም ጦርነት ካስቲዮን ላይ የዘጋው የፈረንሳዮች መድፍ ነበር።

ከጦርነቱ ሁሉ የሚነካኝ የምርኮኞቹ ነገር ነው። የፈረንሳዩ ንጉሥ ዣን በ1356 ሲማረክ ለማስለቀቂያው ሦስት ሚሊዮን የወርቅ ኤኩ ተጠየቀ። እዚህ ግን ልጅ በልጅ ተለወጠ። የልብነ ድንግል ሚስት የእቴጌ ሰብለ ወንጌል ልጅ ሚናስ የመን ታስሮ፣ የኢማሙ ሚስት የባቲ ድል ወንበራ ልጅ መሐመድ ወይና ደጋ ላይ ተማርኮ ነበር። ሁለቱም ባላቸውን በዚህ ጦርነት ያጡ እናቶች ናቸው፤ በልውውጡ ልጆቻቸውን አገኙ። ሚናስ በኋላ ነገሠ። ገላውዴዎስ ግን በ1559 ከሐረሩ አሚር ኑር ጋር ሲዋጉ ወደቁ።

ከዚያ በኋላ የነገሥታቱ መቀመጫ ወደ ጣና ዙሪያ ሲሳብ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ለቤተ መንግሥቱ ቀረቡ። ጋይንት ግን ሌላም ነገር ይዛ ነበር። የቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ሲያዩት ክብ የሣር ክዳን ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ከጥርብ ድንጋይና ከእንጨት የተሠራ፣ አራት ማዕዘን የሆነ ጥንታዊ ሕንፃ ይገኛል። የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሆነውን ድጓ የተማረ ሁሉ የሚያስመሰክረው እዚሁ ነው፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባም ጋይንት ውስጥ ነው። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት የሠሩት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን እንደሆነ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። መጻሕፍት በተቃጠሉበት ማግስት ዜማውን በጽሑፍ ማስፈራቸው እንዲያው የመጣ አይመስለኝም፤ የቤተልሔም መምህራን ዛሬም ደቀ መዛሙርታቸውን የሚያርሙት በዚያው ምልክት ነው።